ሽታና መዓዛ፦ የእንግሊዝኛ የአፍንጫ ቃላት ከየት መጡ?

በአንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት ይሠራ የነበረ ወዳጄ ያጫወተኝን ባስታወስኩ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊት ሒሳባቸውን ከፍለው ሊሄዱ ወደ እሱ ጠጋ ይላሉ። የተቀቡት ሽቶ እጅግ ደስ የሚል ነበርና ወዳጄ ይህንኑ ነግሮ ሊያስደስታቸው ፈለገ። በልቡ ያሰበው «መልካም መዓዛ አለዎት» ለማለት ነበር። ዳሩ ግን እንግሊዝኛው ከአፉ ሲወጣ የመጨረሻዋ ቃል እዚያው ምላሱ ሥር ቀረችና «ዩ ስሜል» ብሎ አረፈው። የሴትዮዋ ፊት ደም መሰለ። ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ። ወዳጄ ምን እንዳጠፋ የገባው ማታ የሥራ ባልደረቦቹ ሲስቁበት ነው።

ምስኪን! ጥፋቱ አንዲት ቅጽል መዘንጋቱ ብቻ ነበር። ደግሞም ይህ የእንግሊዝኛ ጠባይ ብቻ አይደለም። በአማርኛም «እሜቴ፣ ይሸታሉ» ቢላቸው ኖሮ ምርቃት አያተርፍም። እስቲ ሌሎቹን የስሜት ሕዋሳት እንይ። ስለ አንድ ሰው «ይታያል» ቢባል ስድብ አይሆንም፤ «ይሰማል» ቢባልም የሚቀየም የለም። «ይሸታል» ሲባል ግን ጥሩ ወይም መጥፎ የሚል ሳይጨመርበት ሁላችንም መጥፎውን እንገምታለን። ዓይንና ጆሮ ያልከሰሱትን ሰው አፍንጫ ለምን ቀድሞ ይከሰዋል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለሚፈልግ ሰው የእንግሊዝኛን የሽታ ቃላት የትውልድ ሐረግ መቁጠር ይጠቅማል። የዚህ ቋንቋ ጽሑፍ ከሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ስለሚዘልቅ አንዱ ቃል ሲወድቅ፣ ሌላው ሲሾም ቁልጭ ብሎ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ስቲንክ» መልካም በነበረበት ዘመን

ዛሬ በእንግሊዝኛ «ስቲንክ» ማለት መግማት ነው። «ስቴንች» ደግሞ ግማት፣ ጥንባት ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ይነገር በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ግሡ «ስቲንካን»፣ ስሙም «ስቴንች» ሲሆን ትርጉማቸው ሽታ መስጠትና ሽታ፣ ሌላ ምንም አልነበረም። አበባም ይሽተት፣ ሬሳም ይሽተት፣ ቃሉ አንድ ነው። መልካሙን ከክፉው የሚለየው አጠገቡ የሚቆመው ቅጽል ነበር።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ተጽፎ እስከ ዛሬ በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ካቴድራል የሚገኝ አንድ የግጥም መድበል ነው። በውስጡ ስለ ፊኒክስ ወፍ የሚናገር ግጥም አለ። ገጣሚው ወፏ የምትኖርባትን ገነት የመሰለች ምድር ሲያወድስ የምድሪቱን መዓዛ የሚጠራው በዚሁ «ስቴንች» በሚለው ቃል ነው። እዚያው መድበል ውስጥ ያለ ሌላ ግጥም ደግሞ ስለ ግሥላ ይተርካል። ግሥላው በልቶ ከጠገበ በኋላ ተኝቶ በሦስተኛው ቀን ሲነሣ ከአፉ ልዩ የሆነ ጣፋጭ ሽታ ይወጣል፤ ሰውም አራዊትም ሽታውን ተከትለው ይሰበሰባሉ። ሦስተኛው ቀን እንደሚጠቁመን ግሥላው የክርስቶስ ምሳሌ ነው። ከዚህ ቅዱስ ምሳሌ አፍ የሚወጣው ሽታም «ስቴንች» ተብሏል። ትረካው የመነጨው ስለ እንስሳት ጠባይና ምሳሌነት ከሚያስተምር አንድ የግሪክ መጽሐፍ ነው። ያው መጽሐፍ በጥንት ዘመን ወደ ግዕዝም ተመልሶ «ፊሳልጎስ» በሚል ስም ይታወቃል።

ታዲያ ለክርስቶስ ምሳሌ የበቃ ቃል እንዴት ለበሰበሰ ዓሣ መጠሪያ ወረደ? አንደኛው ምክንያት የአፍንጫ ተፈጥሮ ይመስለኛል። አፍንጫ ዘበኛ ነው። የተበላሸ ሥጋን፣ የሚቃጠል ቤትን፣ የመረቀዘ ቁስልን ከዓይን ቀድሞ የሚነግረን እሱ ነው። ዘበኛ ደግሞ የሚጮኸው ሌባ ሲመጣ እንጂ የቤቱ ጌታ ሲገባ አይደለም። ሰውም ስለ ሽታ አፉን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ሲከፋው ስለሆነ ቃሉ ክፋቱን እየጠጣ፣ እየጠጣ ይሄዳል። የ«ስቲንክ» ውድቀት የጀመረው ገና በዚያው በጥንታዊው እንግሊዝኛ ውስጥ ነበር። የእንግሊዝኛ የሥጋ ዘመድ በሆነው በጀርመንኛም «ሽቲንከን» የተባለው ወንድሙ ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል።

በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን «ስሜል» የተባለ ቃል በጽሑፍ ብቅ አለ። ከዚያ በፊት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ አይገኝም። ሲመጣ ወገንተኛ አልነበረም፤ ለመልካሙም ለክፉውም እኩል እያገለገለ የወደቀውን የ«ስቲንክ»ን ወንበር ወረሰ። ወዳጄ በሆቴሉ እንዳየው ግን ይኸኛውም ተተኪ ወደ ታች መንሸራተቱ አልቀረም።

ገበሬው ሲሸት፣ ጌታው ሲያውድ

የአፍንጫ ዘበኝነት ግን ሁሉንም አያስረዳም። አንዳንድ ቃላት ሲወድቁ ሌሎች ለምን ቀና ብለው ቆሙ? ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ 1066 መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ወግቶ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዘመን የመኳንንቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክህነቱ ላቲን፣ የገበሬውና የሎሌው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ኖረ።

ዋልተር ስኮት በ1819 ባወጣው «አይቫንሆ» በተባለው ልቦለዱ ይህን የቋንቋ መደብ በምግብ ያሳያል። ከብቱ በሕይወት ሳለ እረኛው የሚጠራው በአገሬው ስም «ኦክስ» ብሎ ነው፤ ታርዶ በጌታው ገበታ ላይ ሲቀርብ ግን በፈረንሳይኛ ስሙ «ቢፍ» ይሆናል። አሳማውም በረት ውስጥ «ስዋይን»፣ ሳህን ላይ «ፖርክ» ነው። ጠባቂው ሌላ፣ በላተኛው ሌላ፤ ስሙም እንደዚያው።

በአፍንጫ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። «ኦደር» ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል በ1300 ገደማ ገባ። «ሴንት» የሚለው ቃል የመጣው በስሜት ማወቅ የሚል ትርጉም ካለው ከላቲኑ «ሴንቲሬ» ሲሆን፣ በመጀመሪያ የአዳኞች ቃል ነበር። ውሻ የአውሬውን ፈለግ በአፍንጫው እየለየ ሲከተል «ሴንት» አደረገ ይባላል። አደን ደግሞ የመኳንንት ጨዋታ ነበር። የሚገርመው፣ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን «ሲ» የምትባለው ፊደል መካከሉ ገባችበትና እስከ ዛሬ የማትነበብ ፊደል ተሸክሞ ይኖራል። «ፍራግራንስ» ከላቲን፣ «አሮማ» ከግሪክ መጡ። «አሮማ» በግሪኮች ዘንድ ሽታ ሳይሆን ቅመም ማለት ነበር፤ እንግሊዞችም በመጀመሪያ የወሰዱት በዚሁ ፍቺው ነው።

መሰላሉን እንግዲህ ከታች ወደ ላይ እንመልከተው። ከታች «ስቲንክ»፣ «ስቴንች» እና «ሪክ» ተቀምጠዋል፤ ሁሉም የአገሬው ልጆች ናቸው። ከላይ «ሴንት»፣ «ፍራግራንስ»፣ «አሮማ» እና «ፐርፊውም» አሉ፤ ሁሉም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። «ስሜል» መካከል ላይ ቆሞ ይንገዳገዳል።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲያይ ብዙ አይደነቅም። እኛም ለመልካሙ ሽታ «መዓዛ» የሚለውን ቃል ከግዕዝ ወርሰን፣ ሽታ፣ ክርፋት፣ ግማትና ቅርናት የሚሉትን ለጓዳና ለገበያ ትተናቸዋል። ሽታና ሽቶ እንኳ ከአንድ ግሥ የተወለዱ ወንድማማች ሆነው ሳለ አንደኛው ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ተከበረ፣ ሌላው ደጅ ቀረ።

ሁለት ጢሶች

ከላይ ከዘረዘርኳቸው ቃላት ሁለቱ የተለየ ታሪክ አላቸው። አንደኛው «ሪክ» ነው። ዛሬ «ሪክ» ማለት ክፉኛ መከርፋት ነው። በመነሻው ግን ጢስ ማለት ነበር። የስኮትላንዷ ከተማ ኤደንብራ እስካሁን የምትጠራበት «ኦልድ ሪኪ» የሚለው የቁልምጫ ስም የቃሉ የጥንት ፍቺ ቅሪት ነው፤ ትርጉሙም አሮጌዋ ጢሳም እንደ ማለት ሲሆን ግማታም ማለት አይደለም። ሼክስፒር በ1609 በታተመው በ130ኛው ሶኔቱ የወዳጁን እስትንፋስ በዚሁ ቃል ይገልጸዋል። የዛሬ አንባቢ ሲያነበው ክው ይላል። በባለቅኔው ዘመን ግን ቃሉ እንደ ጢስ መትነንን፣ መውጣትን ያመለክት ስለነበር የዛሬውን ያህል የመረረ አልነበረም።

ሁለተኛው «ፐርፊውም» ነው። በፋሽን መጽሔቶች ገጽ ላይ በወርቅ ቀለም የሚጻፈው ይህ የተከበረ ቃል በላቲን ሥሩ ቢፈታ «ፐር» ማለት በመካከል ማለፍ፣ «ፉማሬ» ማለት ማጤስ ነው። በጢስ ማጠን እንደ ማለት ነው። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የሚያመለክተው በጠርሙስ ያለ ፈሳሽ ሳይሆን የሚጤስ ነገር የሚያወጣውን ጢስ ነበር። ዕጣን ማለት የሆነው «ኢንሴንስ»ም መነሻው እሳት መለኮስ ከሚል የላቲን ግሥ ነው። ቡና ሲፈላ ዕጣን ለምናጤስ፣ የወተት ዕቃ በወይራ ለምናጥን ለእኛ ይህ ለመረዳት አያስቸግርም።

እንግዲህ «ሪክ» ጢስ ነው፤ «ፐርፊውም»ም ጢስ ነው። አንዱ ከገበሬው ምድጃ፣ ሌላው ከመኳንንቱ ማጠንት ተነሡ። የአገሬው ጢስ ክርፋት ሆኖ ሲቀር የባሕር ማዶው ጢስ ሽቶ ሆነ። ሁለቱን የለያቸው የጢሱ ጠባይ ብቻ ነው ብሎ ለመናገር ያስቸግራል። ማን ጎጆ ውስጥ፣ ማን እልፍኝ ውስጥ ይጤስ እንደ ነበረም መጠየቅ ይገባል።

የጥርኟ ቃል

ከእንግሊዝኛ የሽታ ቃላት መካከል መንገዳቸው ወደ እኛ ሠፈር የሚያደርስም አሉ። ከርቤን እንግሊዞች «መር» ይሉታል። ቃሉ በላቲንና በግሪክ በኩል ይምጣ እንጂ ሥሩ ሴማዊ ነው፤ በአማርኛ «መረረ»፣ «መራራ» የምንለው ያው ሥር ነው። ከርቤ ቀምሶ የሚያውቅ የስሙን ምክንያት ሌላ ሰው እንዲነግረው አያስፈልገውም።

«ሲቬት» ደግሞ እኛ ዝባድ የምንለው ነው። ዐረቦች «ዘባድ» አሉት፤ ጣሊያኖች «ዚቤቶ»፣ ፈረንሳዮች «ሲቬት» እያሉ አቀበሉትና በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ደረሰ። ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የዚህ ሸቀጥ ዋነኛ ምንጭ ነበረች። ከእናርያና ከከፋ አካባቢ በከብት ቀንድ እየታሸገ በነጋዴ ጓዝ ወደ ባሕር በር ይወርድ ነበር። ዝባድ ሳይበረዝ ቢያሸቱት ያቅራል። በጣም በጥቂቱ ከሌላ ሽቶ ጋር ሲዋሐድ ግን መዓዛውን ያደምቃል፣ ያቆያልም።

ሼክስፒር ይህን ያውቅ ነበር። «አዝ ዩ ላይክ ኢት» በተባለው ተውኔቱ አንድ እረኛ እጁ በበግ ጠጉርና በቅጥራን የቆሸሸ መሆኑን፣ የቤተ መንግሥት ሰዎች እጅ ግን በዝባድ የታሸ መሆኑን አንሥቶ ይከራከራል። የቤተ መንግሥቱ ቀልደኛ ሲመልስለት ዝባድ ከቅጥራን የባሰ ውልደት እንዳለው፣ ከድመት መሰል እንስሳ የሚወጣ እድፍ መሆኑን ይነግረዋል። በዚህ አጭር ጭውውት ውስጥ ሙሉው ነገር አለ። የእረኛው እጅ የሸተተው ቅጥራን መጥፎ ስለሆነ፣ የባለሟሉም እጅ ያወደው ዝባድ ንጹሕ ስለሆነ አይደለም።

የ«ሮቢንሰን ክሩሶ» ደራሲ ዳንኤል ዴፎ ከብዕሩ በፊት ዕድሉን በዝባድ ሞክሮ ነበር። በ1692 ለሽቶ ንግድ ብሎ ሰባ ያህል ጥርኞች ገዛ፤ በዚያው ዓመት ከሰረ። በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት የዝባድ ሽታ ዋና ንጥረ ነገር ምን ዓይነት አሠራር እንዳለው አረጋገጠ። በ1939 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሰዎች አንዱም ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሽቶ ሠሪዎች በፋብሪካ የሚሠራውን ምትክ እየመረጡ ሄዱ።

ሽታና በሽታ

እስካሁን ያየነው ቃላት እንዴት እንደ ተሾሙና እንደ ተሻሩ ነው። ነገሩ ከቃል አልፎ ሰው ላይ የደረሰበትን ዘመን ደግሞ እንይ። ለብዙ መቶ ዓመታት አውሮፓውያን በሽታ የሚመጣው ከክፉ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የወባ የእንግሊዝኛ ስም «ማሌሪያ» የዚህ እምነት ሐውልት ነው፤ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ክፉ አየር ማለት ነው። ሮናልድ ሮስ በ1897 የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ ሲያገኝ አየሩ ነጻ ወጣ፤ ስሙ ግን እንደ ተሳሳተ ቀረ።

በእንግሊዝ የንጽሕና አጠባበቅ ሕግ እንዲወጣ የታገለው ኤድዊን ቻድዊክ በ1846 ለአንድ የፓርላማ ኮሚቴ ሲያስረዳ የበረታ ሽታ ሁሉ ራሱ በሽታ ነው እስከ ማለት ደርሷል። ሐኪሙ ጆን ስኖው በ1854 በለንደን የተነሣውን ኮሌራ ተከታትሎ ምክንያቱ ውኃ መሆኑን ቢያሳይም ብዙዎች አልሰሙትም። በ1858 በጋ የቴምዝ ወንዝ በከተማው እድፍ ተሞልቶ ከረፋ። ፓርላማው ወንዙ ዳር ነውና መጋረጃዎቹ ሽታ በሚያጠፋ ኬሚካል ተነክረው ተሰቀሉ። ዘመኑ በታሪክ «ዘ ግሬት ስቲንክ»፣ ታላቁ ግማት ተብሎ ተመዘገበ። «ኦደር» ወይም «ሴንት» ያለው የለም፤ የቸገረ ጊዜ የሚጠራው የአገሬው ቃል ነው። የገንዘቡ ፈቃድ በአሥራ ስምንት ቀን ውስጥ በሕግ ጸደቀና መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ታላቁን የፍሳሽ መስመር ሠራ። በስሕተት እምነት የተሠራው ቦይ እድፉን ከመጠጥ ውኃው ስላራቀው ኮሌራውን አስቀረ። በ1866 ለመጨረሻ ጊዜ ሲነሣ የከፋው መስመሩ ገና ባልተጠናቀቀበት በድሆቹ መኖሪያ በምሥራቅ ለንደን ነበር። ድሆቹ ከባለጸጎቹ የሚለዩት በአፍንጫቸው ሳይሆን ቦዩ ዘግይቶ ስለ ደረሰላቸው ነው።

ሆኖም ሽታ በሽታ ነው የሚለው እምነት አንድ መጥፎ ልጅ ትቶ ሞተ፤ እሱም የሚሸት ሰው የተበላሸ ሰው ነው የሚለው ነው። ጆርጅ ኦርዌል በ1937 ባሳተመው «ዘ ሮድ ቱ ዊጋን ፒየር» በተባለው መጽሐፉ የእንግሊዝን የመደብ ልዩነት ምሥጢር በዚሁ ይፈታዋል። እሱ እንዳደገበት ባለ መካከለኛ ኑሮ ቤት ውስጥ ልጆች ሠራተኛው ሕዝብ እንደሚሸት እየተነገራቸው ያድጉ እንደ ነበር ጽፏል። በሐሳብ የማይስማሙትን ሰው መውደድ ይቻላል፤ ሽታው የሚያስጠላህን ግን መቅረብ ይከብዳል ነው የነገሩ መንፈስ። መታጠቢያ ቤት የሌለውን፣ ቀኑን ሙሉ ከምድር በታች ከሰል ሲቆፍር የሚውለውን ሰው ትሸታለህ ብሎ መፍረድ ቧንቧውን ላላስገባለት ሥርዓት ምሕረት ማድረግ ነው። ይህ አፍንጫ በየአገሩ ነዋሪ ነው። እኛም «ግም ለግም አብረህ አዝግም» ስንል ሰዎቹን አሽትተን አይደለም የምንፈርደው።

የነጠፈ መዝገብ

የዚህ ሁሉ የመጨረሻ ውጤት እንግሊዝኛ ብዙ ፍርድ የሚሰጡ፣ ጥቂት የሚገልጹ የሽታ ቃላት ይዞ መቅረቱ ነው። ቀለም ሲያዩ ቀይ፣ ሰማያዊ ይላሉ። ሽታ ሲመጣ ግን «እንደ ሎሚ»፣ «እንደ ሳሙና» እያሉ ከሌላ ነገር ይበደራሉ። ይህ የሰው ልጅ አፍንጫ ድክመት ነው ይባል ነበር። በ2014 አሲፋ ማጂድና ኒክላስ ቡረንሁልት የተባሉ ተመራማሪዎች በማሌይ ልሳነ ምድር ጫካ የሚኖሩ የጃሃይ ተናጋሪዎች ሽታን ልክ እንደ ቀለም በአንድ ቃል፣ እርስ በርስ ተስማምተው እንደሚጠሩ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን እንደሚደናበሩ አሳዩ። በጃሃይ ነብርን የሚስብ የደም ሽታ እንኳ የራሱ ቃል አለው። ጉዳዩ የአፍንጫ ሳይሆን የአኗኗር ነው ማለት ነው።

ቃል የጠፋበት ቋንቋ ግን ቃል መፍጠር ይችላል። በደረቅ መሬት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርፍ የሚነሣውን ያን የታወቀ ሽታ እንግሊዞች የሚጠሩበት ቃል አልነበራቸውም። በ1964 ኢዛቤል ጆይ ቤርና ሪቻርድ ቶማስ የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሳይንቲስቶች ድንጋይና የአማልክት ደም ከሚሉ የግሪክ ቃላት «ፔትሪኮር» ብለው ሰየሙት። ቃሉ ገና ወጣት ስለሆነ ጌታም ሎሌም የለውም። የዝናብ ሽታ በጎጆም በእልፍኝም ደጅ እኩል ይነሣልና ምናልባት ሳይወድቅ ይኖር ይሆናል።

ያን የሆቴል ወዳጄን በቅርቡ አግኝቼው «ስቲንክ»ም በዘመኑ የተከበረ ቃል እንደ ነበር ነገርኩት። ጥቂት አሰበና «ታዲያ ያቺ ሴትዮ ሺህ ዓመት ቀድማ ብትመጣ ኖሮ ጉርሻ ትሰጠኝ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። አፍንጫዋ ያው በሆነ፣ ሽቶዋም ያው በሆነ። የተለወጠው ቃሉ ነው፤ ቃሉን የለወጡት ደግሞ ሰዎች ናቸው።